ሜኑው ትርፍ አይደለም

«ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ ካለ ዲስኩ ምን ያደርጋል?» ይህ ተደጋግሞ የሚጻፍ አስተያየት ፊልሙን ከዲስኩ ጋር ያምታታል።

ዲቪዲ ላይ ሜኑው፣ የቋንቋ ምርጫው፣ ተመልካቹ ቁልፍ ሲጫን የሚሠራው ትእዛዝ ሁሉ አብረው ተቀርጸዋል። ወደ ኤምፒ4 ሲቀየር ፊልሙ ይተርፋል፤ ሜኑው ከነትእዛዙ ይጠፋል። አይኤስኦ የሚባለው ሙሉ ቅጂ ግን ሁሉንም ይይዛል፤ ነጻው ማጫወቻ ቪኤልሲም ሜኑውን ይከፍተዋል።

«ተጨማሪው ለማን ይጠቅማል?» ባዮች የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ይመልከቱ። የ13ኛው ክፍለ ዘመን የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል በማይክሮፊልም ሲነሣ፣ ለገዳሙ የተሰጡት መጻሕፍት ዝርዝርም አብሮ ተነሥቷል። የወንጌሉን ቃል ሌሎች ብዙ ቅጂዎች ይዘውታል፤ ታሪክ ጸሐፊዎችን ከሳቡት ነገሮች አንዱ ግን ይህ ዝርዝር ነው።

በየቤቱ ያሉት የአምባሰል ዘፈን ቪሲዲዎችም ሲገለበጡ ከክሊፑ ጋር ሜኑውና ሽፋኑ ላይ ያለው የባለሙያዎች ስም አብረው ይቀመጡ።