«ብዙ ሰው ጠይቀናል» ማለት መልስ አይደለም

ባለፈው ወር በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «አብዛኛው ተማሪ በምግብ ቤቱ መደሰቱ በጥናት ተረጋግጧል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ሰንብቷል። ያወጡትን ወንድሞቻችንን እንዴት እንዳጠኑ ብንጠይቃቸው፣ በምሳ ሰዓት ከምግብ ቤቱ በር ላይ ቆመው የገባውን ሁሉ እንደ ጠየቁ በኩራት ነገሩን። ቁጥሩ አነሰ ያልናቸው መስሏቸውም «ብዙ ሰው ጠይቀናል» አሉ።

እኛ የጠየቅነው ስንት እንደ ሆኑ አይደለም፤ እነማን እንደ ሆኑ ነው። ምግቡ አልስማማው ብሎ ከውጭ ዳቦና ሻይ የሚቀምስ ተማሪ በዚያ በር አያልፍም። በሠርግ ዳስ ውስጥ የተቀመጡትን ብቻ ጠይቆ «አገሩ ሁሉ ተጠርቷል» ብሎ እንደ መውጣት ነው።

1000 ተማሪዎች አሉ እንበል። 600ው በምግብ ቤቱ ይበላሉ፤ 400ው ጠልተው ትተውታል። ከ600ው 450ው ቢደሰቱ፣ በር ላይ የቆመው ጠያቂ «ከመቶ 75 ተደስቷል» ብሎ ይጽፋል። እውነቱ ግን ከ1000 ውስጥ 450፣ ይኸውም ከመቶ 45 ነው። ጠያቂው 600ውንም አንድ ሳያስቀር ቢጠይቅ መልሱ ያው 75 ነው። ብዛት የተጣመመውን አያቀናም።

ይህ ስህተት ትልልቆችንም ጥሏል። ሊተረሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1936 ለፕሬዚዳንቱ ምርጫ ወደ 10 ሚሊዮን የመጠየቂያ ካርድ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተመለሰለት። ላንደን ከመቶ 57 ያህል አግኝቶ ያሸንፋል ሲል አወጀ። ሩዝቬልት ግን ከመቶ 60 በላይ ድምፅ አግኝቶ ከ48ቱ ክፍለ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። ስሞቹ በብዛት ከስልክ ማውጫና ከአውቶሞቢል መዝገብ የተለቀሙ ነበሩ፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። በዚያ ላይ ካርዱን የመለሰው ከአራት አንድ ያህል ብቻ ነው፤ ዝም ያለው ከተናገረው ጋር አንድ አሳብ ነው ያለ ማነው? ጆርጅ ጋለፕ እጅግ ያነሱ ሰዎችን ጠይቆ የሩዝቬልትን ማሸነፍ አስቀድሞ ተናገረ። መጽሔቱ በ1938 ተዘጋ።

ጥፋቱ የእነዚህ ወንድሞች ብቻ አይደለም። በስታቲስቲክስ የቤት ሥራችን ቁጥሮች ተሰልፈው ይመጡልናል፤ አማካዩን እስከ ሁለት ዴሲማል አውጡ እንባላለን። ቁጥሮቹ ከየት መጡ የሚል ጥያቄ ግን አንድ ቀን አልገጠመኝም። እኔም ሙሉ ማርክ እየተቀበልሁ ይህን ሳላስብ ዓመት አሳልፌአለሁ። እናቶቻችን ይሻላሉ፤ ወጡን ካላማሰሉ በመዳፋቸው ጠብ አድርገው አይቀምሱም።

ኮሚቴው እንግዲህ እንዲህ ያድርግ። የተማሪውን ሁሉ ስም ከመዝገብ ያውጣ፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር ይስጥ፤ በዕጣ 100 ይምረጥ። በዕጣ የወጡ 100 ሰዎች ግምቱን ብዙውን ጊዜ ከእውነቱ ከመቶ 10 በላይ አያርቁትም፤ 400 ቢሆኑ ከ5 በላይ አያርቁትም። ዕጣ የወጣለት ተማሪ በመኝታ ክፍሉ ካልተገኘ ተመልሶ ይፈለግ እንጂ በአጠገቡ የተገኘው ጎረቤቱ አይተካ። ሰው አነሰን የሚሉ ከሆነ እኔና ሦስት ጓደኞቼ ከማታው እራት በኋላ ክፍል ለክፍል ለመዞር ዝግጁዎች ነን። ወረቀቱ ግን እስከዚያ ድረስ ከሰሌዳው ይነሣ።