የተፈረፈረ ስፖንጅ ቅርስ አይደለም

አሮጌ ቤዝ ጊታር ሰብሳቢዎች ዘንድ አንድ እንግዳ አምልኮ አለ። የ1960ዎቹን ፌንደር የገዛ ሰው ክሮቹ የሚታሰሩበትን የብረት ክዳን ሲገልጥ፣ ሲነኩት እንደ ደረቅ ዳቦ የሚበተን ስፖንጅ ያገኛል። «ኦሪጂናል ነው፣ እንዳይነካ!» ይባላል። የለወጠው ሰው ቅርስ እንዳፈረሰ ይቆጠራል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

የቤዝ ክር ሲመታ ድምፁ ይረዝማል፤ ቀጭን የብረት ጩኸትም ይከተለዋል። ስፖንጁ ከሥር ክሮቹን ሲነካ ጩኸቱን ያፍናል፣ ድምፁንም ያሳጥራል። «ዱም» ብሎ ያበቃና ለከበሮው ቦታ ይለቃል። ሥራው ይኸው ነው። የተፈረፈረ ስፖንጅ ደግሞ ክሩን አይነካም፤ ስለዚህ ሥራውን አቁሟል።

ፋብሪካው ራሱ ለዚህ ዕቃ አልሰገደም። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው ጃዝ ቤዝ መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ክር የየራሱ የሱፍ ማፈኛ ነበረው። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ፌንደር ያንን ትቶ ወደ ርካሹ ስፖንጅ ዞረ። ሠሪው የለዋወጠውን ገዢው ለምን ያመልከዋል?

«ታሪኩ ይጠፋል» የሚሉ አሉ። መልሱ ቀላል ነው፦ አሮጌው በፖስታ ታሽጎ ይቀመጥ፣ አዲስ ይቆረጥ። የፍሬን ሸራው ስለተቀየረ አሮጌ ቮልስዋገን ቮልስዋገንነቱን አያጣም።

ታሪክ ከተባለ የዲትሮይቱ ጄምስ ጄመርሰን ይነሳ። የሞታውንን ዘፈኖች በ1962 ፕሪሲሽን ቤዝ፣ ከክዳኑ ሥር ስፖንጅ አድርጎ፣ በአንድ አመልካች ጣቱ ተጫወተ። ዓለም በዚያ ድምፅ ሲጨፍር የእሱና የጓደኞቹ ስም ለዓመታት በአልበም ሽፋን ላይ አልታተመም። የማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» ስሙን ይዞ የወጣው በ1971 ነው። ጄመርሰን በ1983 ሲሞት ያ ቤዝ ቀደም ብሎ ተሰርቆበት ነበር፤ እስካሁንም አልተገኘም።

ልብ በሉ! ጊታሩ ከነስፖንጁ ጠፋ፤ ድምፁ ግን አልጠፋም። ዛሬም አንድ ወጣት ከፍራሽ ላይ ስፖንጅ ቆርጦ ከክሮቹ ሥር ቢሸጉጥ ወደዚያ ድምፅ ይጠጋል። የሚቀረው ጣቱ ነው፤ እሱን ደግሞ የትኛውም ሰብሳቢ ገዝቶ ሣጥን ውስጥ አይቆልፈውም።

ለፍርፋሪ የሚከፈለው ክብር ለተጫዋቾቹ ስም ይከፈል። ስፖንጁ ይቀየር!