ውፍረትና የሐሞት ጠጠር በሴቶች ላይ

በአገራችን የሴት ውፍረት የምቾትና የጥጋብ ምልክት ሆኖ ሲቆጠር ኖሯል። ዛሬ ግን ቁጥሩ ያሳስባል፤ በ2000 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከልክ ያለፈ ክብደት ያላቸው ሴቶች ከመቶ 3 ብቻ ሲሆኑ፥ በ2016 ከመቶ 8 ደርሰው ተገኝተዋል። ውፍረት ስለሚያመጣው የስኳርና የደም ብዛት በሽታ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ሐሞት ከረጢት ግን የሚናገር ጥቂት ነው።

ሐሞት በጉበት ተሠርቶ ከጉበት በታች ባለችው ትንሽ ከረጢት ይጠራቀማል፤ ቅባት ያለበት ምግብ ወደ አንጀት በገባ ጊዜ ከረጢቷ ተጨምቃ ሐሞቱን ትለቃለች። በወፈረ ሰው ዘንድ ጉበት ኮሌስትሮል የተባለውን ስብ ወደ ሐሞት አብዝቶ ይጨምራል፤ ይህም ሐሞቱ ሊያሟሟው ከሚችለው በላይ ሲሆን ትርፉ እንደ አሸዋ ይረጋል። ከረጢቷም ብዙ ጊዜ ሰፍታ መጨመቋ ስለሚደክም፥ የረጋው ሳይወጣ ሰንብቶ ጠጠር ይሆናል። በሴቶች ዘንድ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የሐሞቱን ኮሌስትሮል ያበዛል፤ በእርግዝና ወራት የሚበረታው ፕሮጄስትሮን ደግሞ የከረጢቷን መጨመቅ ያዘገያል። ስለዚህ ብዙ የወለደችና የወፈረች ሴት በሁለት ወገን ትጠቃለች።

በአሜሪካ በ1976 የተጀመረው የነርሶች ጥናት ይህን አረጋግጧል። ኪሎዋ በቁመቷ ሜትር ሁለት ጊዜ ሲካፈል 45ና ከዚያ በላይ የሚመጣ ሴት፥ ከ24 በታች ከሚመጣው ይልቅ ጠጠር የመያዝ አደጋዋ ሰባት እጥፍ እንደ ሆነ በ1992 ተገልጿል።

እንግዲህ ክብደት ይቀነስ ሲባል በጥድፊያ ሊሆን አይገባም። በሳምንት ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ የምትቀንስ ሴት፥ የሰውነቷ ስብ ሲፈርስ ኮሌስትሮሉ ወደ ሐሞት ይጎርፋል፤ ምግብም በማነሱ ከረጢቷ ሳትጨመቅ ትውላለች። ልትሸሸው ያሰበችውን ጠጠር በገዛ እጅዋ ትጠራለች ማለት ነው። ይህን ስንል ጾምን መንቀፋችን አይደለም፤ የምንነቅፈው በጥቂት ሳምንት ቅጥነት እናስገኛለን እያሉ ምግብ የሚያስተዉትን ነው።

ጠጠር ካለባቸው ሰዎች የሚበዙት ምንም ሕመም አይሰማቸውም፤ እነዚህን ለቀዶ ጥገና ማስቸኰል አይገባም። ሕመሙ ሲነሣ ግን ከምግብ በኋላ ከቀኝ የጎድን አጥንት በታች ወይም ከእምብርት በላይ ጸንቶ ይይዛል፤ አንዳንድ ጊዜም ወደ ቀኝ ትከሻ ይወጣል። በዚህም የተነሣ ጨጓራ ነው እየተባለ ብዙ ዘመን የጨጓራ መድኃኒት የሚዋጥበት አለ፤ በአልትራሳውንድ ቢታይ ግን ጠጠሩ በጥቂት ደቂቃ ይለያል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከታከለበት፥ ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነ፥ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል፤ ጠጠሩ የሐሞቱን መውጫ ዘግቶ ሊሆን ይችላልና።