የተዘጋው በር፦ ስለ አካል ጉዳተኛ ልጆች እንክብካቤ ታሪክ አጻጻፍ

በኢትዮጵያ ስለ አካል ጉዳተኛ ልጆች የሚጻፉ ጥናቶች አብዛኞቹ መግቢያቸው ይመሳሰላል። ቀድሞ ወላጆች በኀፍረትና በእርግማን ፍርሃት ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ ይደብቁ እንደ ነበር ይገለጻል። ቀጥሎ የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች፣ የሰበታው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት፣ በመናገሻ በፖሊዮ የተጎዱ ሕፃናትን የተቀበለው የቸሻየር ማዕከል ይዘረዘራሉ፤ በመጨረሻም አገሪቱ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ይጠቀሳል። ታሪኩ ከጨለማ ወደ ብርሃን የተደረገ ጉዞ ሆኖ ይቀርባል። የዚህ አተራረክ ችግር ሐሰት መሆኑ አይደለም። ኀፍረቱ ነበረ፤ ዛሬም አለ። ችግሩ በሩን ማን፣ መቼና ለምን እንደ ዘጋው አለመጠየቁ ነው።

ገበያ የምትውል፣ ውኃ የምትቀዳ፣ እንጨት ለቅማ የምትመለስ እናት፣ እሳት የማይፈራ ወይም ከገደል የማይጠነቀቅ ልጅ ሲኖራት ምርጫዋ ጠባብ ነበር። ልጁ በአንቀልባ የሚታዘልበት ዕድሜ ካለፈ በኋላ ወይ ለጎረቤት በአደራ ትሰጠዋለች፣ ወይ ታላቅ እኅቱን ከትምህርት ቤት ታስቀራለች፣ ወይ በሩን ዘግታበት ትሄዳለች። ሦስተኛው የሚመጣው ሁለቱ ሳይገኙ ሲቀሩ ነው። ከውጭ ለሚያየው በሩ ገመና መሸፈኛ ነው፤ ለእናቲቱ ግን ልጁን ከእሳት፣ ከወንዝና ከመንደር ልጆች ድንጋይ መጠበቂያም ነበር። አንድ በር ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። የጥናቱ ቋንቋ ግን «መደበቅ» የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ ቀርቷል።

ይህ ንባብ ለእናቶች ከማዘን የመነጨ ግምት ብቻ እንዳይመስል የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ መመልከት ይጠቅማል። በቁጥር 342 መሠረት፣ ከሁለት ሺህ ያነሰ ነዋሪ ባለው አካባቢ የአንድ ሰው የአእምሮ ሕመም በግልጽ የታወቀ ነው የሚባለው ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ሰዎች ሁኔታው የሚጠይቀውን ጥበቃ ሲያደርጉለትና በዚሁ ምክንያት እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ ሲያግዱት ነው። ድንጋጌው የተጻፈው ስለ ውል ዋጋ እንጂ ስለ ልጅ አስተዳደግ አይደለም። ቢሆንም በከተማ ሐኪም ቤት መተኛት የሚሰጠውን ማስረጃ በገጠር የቤተሰቡ ጥበቃ እንዲሰጥ አድርጓል። ሕግ አውጪው የተዘጋውን በር አይቶታል፤ የሰጠውም ስም ጥበቃ የሚል ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያነጋግረው በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያ መሥሪያ ቤትን የመሠረተው ትእዛዝ ቁጥር 70 ነው። ትእዛዙ ጉዳተኛ የሚለውን ቃል ሲተረጉም በአካል ወይም በአእምሮ ጤና ጉድለት የተነሣ መተዳደሪያውን ማግኘት አለመቻልን ብቻ አልጠየቀም፤ ሰውየው የሚረዳው የሌለው እንዲሆንም ጠይቋል። ይህ በጥብቅ ሲነበብ፣ እናት ያለችው ልጅ በመንግሥት ዓይን ጉዳተኛ አልነበረም ማለት ነው። እንክብካቤዋ በተሳካ መጠን ልጁ ከመዝገብ ይወጣል። የታሪክ ጸሐፊው በመዛግብት ውስጥ የሚያገኘው እንግዲህ ጎዳና የወጣውን ነው፤ ቤት የዋለውን አያገኝም። «ተደብቆ ነበር» የሚለው ድምዳሜ በከፊል የራሱ የመዝገቡ ውጤት ሊሆን ይችላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች እንክብካቤ እንዲያደርግ ሲያዝ ግዴታውን በአገሪቱ የኢኮኖሚ አቅም ገድቦታል። የእናት ግዴታ እንዲህ ያለ ገደብ ኖሮት አያውቅም።

በሩ ለሁሉም እኩል አልተዘጋም። በቃል ጥናት ላይ የቆመው የአብነት ትምህርት ለዓይነ ስውር ልጅ ቦታ ነበረው፤ መስማት ለተሳነው ግን ያው የቃል ጥናት ራሱ መሰናክል ነበር። ጸበል ቦታ ከልጇ ጋር ወራት የምትከርም እናትም ሌላ ምሳሌ ናት፤ ልጁ በአደባባይ ነው፣ ድካሙ ግን ያው የእርሷ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ሆነው፣ በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ልጆቹ ትምህርት አገኙ። እናቶቹ ያገኙት ሰዓት ግን ከትምህርቱ ጋር አብሮ አይነገርም።

በዚህ አስተያየት ላይ የሚነሣው መቃወሚያ ከባድ ነው። ጥበቃ በሚል ስም ለዓመታት ታስረው የኖሩ ልጆች አሉ፤ የእነርሱ ስቃይ በእናት ድካም አይሰረዝም። ነገር ግን ምክንያቱን መለየት ከንቱ ክርክር አይደለም። ምክንያቱ ኀፍረት ብቻ ከሆነ የግንዛቤ ማስጨበጫ ስብሰባ ይበቃል፤ ዛሬም በብዛት የሚደረገው ይኸው ነው። ምክንያቱ ልጁን የሚይዝ ሰው መታጣት ከሆነ ግን የሚያስፈልገው በጀት፣ የቀን መዋያና ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ነው።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ማብቂያ እንዲህ ያሉ ልጆችን ያሳደጉ እናቶች፣ በሕይወት ያሉት፣ ዛሬ በእርጅና ላይ ናቸው። አብዛኛው የቃለ መጠይቅ ቅጽ ግን የሚጠይቃቸው የማኅበረሰቡ አመለካከት ምን ይመስል እንደ ነበር ነው። ሊቀድም የሚገባው ጥያቄ ገበያ ሲሄዱ ልጁ ከማን ጋር ይውል እንደ ነበር ነው። መልሱ «ከእኅቱ ጋር» ከሆነ እርሷም ተፈልጋ መጠየቅ አለባት፤ ስንተኛ ክፍል ላይ እንዳቋረጠች ጭምር።