ኪራይ ሲጨምር ጓዝ መጠቅለል

የአዲስ አበባ ተከራይ ጓዙን ያውቃል። ቁም ሣጥኑ ሳይፈታ በበሩ እንደማይወጣ፣ አይሱዙው ስንት እንደሚጠይቅ፣ አከራዩ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ…» ብሎ ሳይጨርስ አስልቶታል። ሰርቨሮቻቸውን በሌላ ኩባንያ ሶፍትዌር ላይ ያሳደሩ ድርጅቶች ግን ይህን ብልሃት ብዙም አልለመዱትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ትልቅ ሰርቨር በሶፍትዌር ይከፋፈልና የብዙ ኮምፒውተሮችን ሥራ ይሠራል። እያንዳንዱ ክፍል ቨርቹዋል ማሽን ይባላል። የራሱ ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ፣ የራሱ ዲስክ፣ የራሱ የኔትወርክ አድራሻ አለው። አንድ ግቢ ውስጥ እንደተደረደሩ ሰርቪስ ቤቶች ማለት ነው፤ አንዱ ቢዘጋ ሌላው መብራቱን አያጠፋም። በ1998 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ቪኤምዌር ለረጅም ጊዜ የዚህ ዓይነቱ ግቢ ዋና ባለቤት ነበር።

በኖቬምበር 2023 ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ ቪኤምዌርን ገዛ። ወር ሳይሞላ አንዴ ተከፍሎበት ለዘለቄታው የሚያዘው ፈቃድ መሸጡ ቀረ፤ በየጊዜው የሚታደስ ኪራይ ብቻ ሆነ። የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ በ2024 ኒው ዮርክ ውስጥ በብሮድኮም ላይ ክስ መሠረተ። 75,000 ያህል ቨርቹዋል ማሽኖቹ በ8,600 ገደማ ሰርቨሮች ላይ እንደሚሠሩ ለፍርድ ቤቱ አስረዳ፤ ጉዳዩም በዚያው ዓመት በስምምነት አለቀ። እንዲህ ያለ ግዙፍ ድርጅት ጠበቃ ቀጥሮ ይደራደራል። አርባ ማሽን ብቻ ያለው መሥሪያ ቤት ግን «እንግዲያው እንወጣለን» ሲል የሚያምነው የሚያገኘው፣ መውጣት የሚችል ከሆነ ነው።

የሚያስቀው፣ የመውጫውን በር ከሠሩት አንዱ ራሱ ቪኤምዌር መሆኑ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ከዴል፣ ኤችፒ፣ አይቢኤም፣ ማይክሮሶፍትና ዜንሶርስ ጋር ሆኖ ኦቪኤፍ የተባለውን የቨርቹዋል ማሽኖች ማሸጊያ የጋራ ቅርጽ ዲኤምቲኤፍ ለተባለው የደረጃዎች ማኅበር አቀረበ፤ በ2009 የመጀመሪያው እትም ወጣ። በጥቅሉ ውስጥ ሜሞሪው፣ ፕሮሰሰሩና ኔትወርኩ የተዘረዘረበት የጽሑፍ ፋይል አለ። ዲስኩ አለ። ፋይሎቹ በመንገድ እንዳልተበላሹ የሚመሰክር የቁጥር ማኅተምም አለ። ሁሉም በአንድ ፋይል ሲታሸግ ኦቪኤ ይባላል፤ እሱም ቢሆን በሊኑክስ ሰዎች ዘንድ የታወቀው አሮጌው የፋይል ማሸጊያ፣ ታር፣ ነው።

ይህን ጥቅል በማውስ ጠቅ እያደረጉ ማውጣት ይቻላል፤ ለአንድ ማሽን ክፋት የለውም። አርባ ሲሆን ግን ሃያ ሰባተኛው ላይ የትኛው ሳጥን ምልክት እንደተደረገበት ማን ያስታውሳል? በትዕዛዝ መስመር ሲሆን የተጻፈው ይቀራል። ቨርቹዋልቦክስ በተባለው የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር ቪቦክስማኔጅ ብሎ፣ «ኤክስፖርት» አስከትሎ፣ የማሽኑንና የሚወጣውን ፋይል ስም መጻፍ ይበቃል፤ ለማስገባት «ኢምፖርት» ነው። «ድራይ ረን» የተባለው አማራጭ ሲጨመርበት ምንም ሳያስገባ ሊያደርግ ያሰበውን ብቻ ያሳያል። ቪኤምዌርም ኦቪኤፍ ቱል የሚባል የራሱ መሣሪያ አለው። ትዕዛዞቹ በአንድ ፋይል ተጽፈው ሌሊት ይሠራሉ፤ ጠዋት ሌላ ባለሙያ አንብቦ ስህተቱን ያገኛል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ኦቪኤፍ ቱል ዲስኩን የሚያሳልፈው በተጫነበት ኮምፒውተር በኩል ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ በላፕቶፑ ያዘዘ ሰው ዲስኩን በሙሉ በቤቱ ኢንተርኔት ይጎትታል። 100 ጊጋባይት በ20 ሜጋቢት መስመር ከ11 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ያውም መስመሩ ካልተቋረጠ።

ጥቅሉ ሁሉን ነገር ይዞ አይሄድም። ስናፕሾቶች፣ ማለትም የማሽኑ የቀድሞ ሁኔታ ቅጂዎች፣ ይቀራሉ፤ የሚወጣው ማሽኑ አሁን ያለበት ሁኔታ ብቻ ነው። ቨርቹዋልቦክስ ሲያስገባ፣ ካልተነገረው በስተቀር፣ ለኔትወርክ ካርዱ አዲስ የማክ አድራሻ (የካርዱ መለያ ቁጥር) ይሰጠዋል፤ ፈቃዱ በድሮው አድራሻ የታሰረ ፕሮግራም ያኔ ያኮርፋል። ከቪኤምዌር ወደ ተፎካካሪው ፕሮክስሞክስ የተዛወረ ሊኑክስ ኢኤንኤስ192 ይለው የነበረውን ካርድ ኢኤንኤስ18 ብሎ ሊያገኘው ይችላል። ማሽኑ ደኅና ይነሣል፣ ኔትወርክ ግን አይኖርም። ዊንዶውስ ደግሞ ለአዲሱ ዲስክ መቆጣጠሪያ ድራይቨር ከሌለው ሰማያዊ ስክሪን ያሳያል። ለዚህ የሬድ ሃት ሰዎች ቨርት-ቪቱቪ የተባለ መሣሪያ ሠርተዋል፤ እያዛወረ ድራይቨሩን ጭምር ያስገባል። በማኅተሙ ላይም ጣጣ አለ፤ ሻ256 በተባለው የማኅተም ዓይነት የታሸገ ጥቅል የድሮ የቪኤምዌር መጫኛ አይቀበለውም፣ በኦቪኤፍ ቱል በሻ1 እንደገና ማሸግ ይጠይቃል።

እነዚህ ሁሉ መፍትሔ አላቸው፤ ችግሩ የሚታወቁበት ጊዜ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት የሚያውቃቸው የኪራዩ ውል ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል። ስለዚህ የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጁ ክፍሎች «ዋጋው ስንት ነው» ከሚለው ቀጥሎ አንድ መስመር ቢጨምሩ ይሻላል፦ አቅራቢው አንድ ማሽን በኮሚቴው ፊት አውጥቶ በሌላ ኩባንያ ሶፍትዌር ላይ ያስነሣ። ወረቀት ላይ «ኦቪኤፍ ይደግፋል» ማለቱ አይበቃም።

ውል የፈረሙትም ቢሆኑ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ብዙም የማይፈለግ ማሽን አጥፍተው፣ አውጥተው፣ በነጻ በሚገኘው ቨርቹዋልቦክስ ላይ ሊያስነሡት ይችላሉ። ባዶ ቦታ ያለው ዲስክ ይዘው ይምጡ፤ በፋት32 የተዘጋጀ ፍላሽ ስንት ጊጋባይት ቢይዝ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ካለፈ አይቀበልም።