ሻይ ያለ ስኳር፣ እንጀራ በሶስት

ዛሬ ረዘም ይላል፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አጎቴን ልጠይቅ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። የግራ እግሩ ሁለት ጣቶች ተቆርጠዋል። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ስል እጄን ይዞ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ልጄ፣ እኔ እኮ ስኳር ከተውኩ 11 አመቴ ነው። ሻይ እንኳን መራራውን ነው የምጠጣው። ታዲያ ይሄ ከየት መጣብኝ?»

መልስ አጣሁ። ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ 11 አመት ሙሉ ማንም ስላልነገረው፣ እኔም ስላልነገርኩት አፍሬ ነው። አጎቴ የታዘዘውን የሚፈጽም ሰው ነው። «ስኳር አትብላ» ተባለ፣ ተወ። ለስላሳ ተወ፣ ኬክ ተወ፣ ማር ተወ። ጠዋት ፍርፍር፣ ረፋድ ላይ ዳቦ፣ ምሳ ሁለት እንጀራ በሽሮ፣ ማታ ደግሞ እንጀራ። እሱን «ቀንስ» ያለው ሰው የለም። መድሃኒቱንም አንዳንዴ ያቋርጥ እንደነበር አልደብቅም። ግን ሻይ ላይ እንዲህ የጨከነ ሰው፣ ስለ እንጀራውም በደንብ ቢነገረው ይጨክን ነበር።

ባዮሎጂ ያስተማርኳችሁ እስቲ አስታውሱ። ዳቦና ድንች ላይ አዮዲን ጠብ አድርገን ወደ ጥቁር ሰማያዊ ሲቀየር «ስታርች አለ!» ብላችሁ ትጮሁ ነበር። ስታርች ማለት በሰንሰለት የተያያዘ ግሉኮስ ነው፣ አፍ ውስጥ በምራቅ መፈታት ይጀምራል፣ ትንሹ አንጀት ውስጥ ተፈትቶ ያልቅና ደም ውስጥ ይገባል ብዬ አስገልብጫችኋለሁ። ከዚያ ደወል ሲደወል አስተማሪያችሁ ሄዶ ሁለት እንጀራ ይበላ ነበር። ለፈተና ያስተማርኩትን ለሳህኔ አላስተማርኩትም።

በ34 አመቴ የውሃ ጥሙና የሌሊቱ ሽንት ሲያስቸግረኝ ተመረመርኩ። በባዶ ሆድ 214። (126 እና ከዚያ በላይ በድጋሚ ምርመራም ከተገኘ ስኳር በሽታ ነው።) ሜትፎርሚን ተሰጠኝና ምክሩ በሁለት ደቂቃ አለቀ፦ «ጣፋጭ ተው፣ ነጩን ትተህ ቀይ ጤፍ ብላ።»

እስቲ ስለ ቀይ ጤፍ እናውራ። ጤፍ ብረት አለው፣ አሰር አለው፣ ግሉተን የለውም፤ አከብረዋለሁ። ግን 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ ከ70 ግራም በላይ የሚሆነው ካርቦሃይድሬት ነው። ደም ውስጥ ሲገባ ቀይ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ የሚባል ነገር የለም። ግሉኮስ ነው።

አላመንኩም ነበር። የስኳር መለኪያ ገዛሁና እንደ ተማሪ ሙከራ ጀመርኩ። ሁለት እንጀራ በምስር ወጥ፣ ከሁለት ሰአት በኋላ፦ 268። በሌላ ቀን ሩብ እንጀራ፣ ብዙ ጎመን በአይብ፣ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፦ 149። ያው ሰው፣ ያው ኪኒን፣ ያው መለኪያ። የእናንተ ቁጥር ከእኔ ይለያል፤ ለዚህ ነው ራሳችሁ ለኩ የምለው። ከዚያ በኋላ ስለ ሳህኔ ከማንም ጋር ክርክር አልገጠምኩም። የሶስት ወር አማካዩን የሚያሳየው ምርመራ (ኤችቢኤዋንሲ) ከ9.4 ወደ 6.6 ወረደ። ድኛለሁ አላልኩም። መድሃኒቴንም አልጣልኩም።

አሁን ወደ ጠቤ ልምጣ።

አንደኛ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ «ሽፈራው ጠጡ፣ ኪኒኑን ጣሉ» የምትሉ ነጋዴዎች። በሰው እግርና አይን ነው የምትነግዱት። ሌላ ቃል የለኝም።

ሁለተኛ፣ ከውጭ ቪዲዮ ገልብጣችሁ የአልሞንድ ዱቄት፣ ሳልሞን፣ ምናምን የምትሉ። በአስተማሪ ደሞዝ? ህዝቡ «ይሄ የሀብታም ነገር ነው» ብሎ እንዲተወው ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ ቤት ከተለመደው ወጥ ቤት ውጭ የገባ ነገር የለም። ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣ፣ ፎሶሊያ፣ እንቁላል፣ አይብ፣ ሲገኝ ጥብስ። በጾም ጎመን በዘይት፣ አቮካዶ፣ ሱፍ፣ ተልባ። ሽሮም አልተከለከለም፤ ሽምብራና አተር ስታርች ቢኖራቸውም ፕሮቲንና አሰር አላቸው። እኔ ወፈር ተደርጎ የተሰራ ሽሮ በማንኪያ ነው የምበላው። ባለቤቴ መጀመሪያ ስቃ ነበር፤ አሁን እሷም ማንኪያ ታነሳለች። የተቀየረው ልኩ ብቻ ነው። ድሮ ወጡ እንጀራውን ማባያ ነበር፣ አሁን እንጀራው ወጡን ማንሻ ነው።

ሶስተኛ፣ ይሄ ፋሽን ነው የምትሉ። ኢንሱሊን በ1921 (እ.ኤ.አ.) ከመገኘቱ በፊት ሐኪሞች ለስኳር ህመምተኛ የሚያዙት ስታርች መቀነስን ነበር። የአሜሪካ የስኳር ህመም ማህበርም በ2019 ባወጣው የአመጋገብ ሰነድ የደም ስኳርን ለማስተካከል ብዙ ማስረጃ ያለው ካርቦሃይድሬት መቀነስ እንደሆነ ጽፏል። ብቸኛው መንገድ ነው አላለም፣ እኔም አልልም። ግን ለአጎቴ መንገዱ መኖሩ እንኳን አልተነገረውም።

አራተኛ፣ እኛው ዘመዶች። «ዛሬ ብቻ»፣ «እንጀራ ያልበላ ሰው ምን በላ ይባላል»፣ «በሞቴ አንድ ጉርሻ»። እናንተ በሞቴ ስትሉ የሚሞተው እሱ ነው እኮ! ፍቅራችሁን ካልተዋችሁ የጎመን ጉርሻ አጉርሱት።

«ቲቸር፣ ወጥ ከእንጀራ ይወደዳል» የሚለኝ አለ። እውነት ነው፣ አልዋሽም። ዳቦውንና ለስላሳውን ስተው የተረፈችኝ ብር የእንቁላሉን ሁሉ አልሸፈነችም። ለዚህ ነው ጎመኑ የሚበዛው። ግማሽ እንጀራ መቀነስ ግን ብር አይጠይቅም። የምትችሉትን ያህል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ፦ ኢንሱሊን የምትወጉ፣ ወይም ግሊቤንክላሚድ የምትወስዱ፣ ይህን አንብባችሁ ከነገ ጀምሮ እንጀራ እንዳትቆርጡ! መድሃኒቱ ባለበት ሆኖ ምግቡ ሲቀንስ ስኳር ወርዶ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳት ይመጣል። መጀመሪያ ሐኪም ያናግሩና መጠኑ ይስተካከል። ኩላሊት ያመማችሁና ነፍሰ ጡሮችም እንደዚሁ።

ባለሙያዎች፣ የስራ ጫናችሁን አውቃለሁ፤ በር ላይ የሚጠብቀውን ሰልፍ አይቻለሁ። ግን «ስኳር አትብላ» የሚለው ላይ አንድ ቃል ጨምሩ፦ «እንጀራና ዳቦም ቀንስ።» ይህችን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬም የቤት ስራ አለኝ። እቤት ስኳር ያለበት አባት፣ እናት፣ አክስት ካለ ዛሬ ማታ ሳህኑን እዩ። ሻዩን አይደለም፣ ሳህኑን። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ በፍቅር አስረዱ። እኔ 11 አመት ዘግይቻለሁ፤ እናንተ አትዘግዩ።

አጎቴ ቅዳሜ ይወጣል ተብሏል። ጎመኑን እኔ ነኝ የምሰራው።

ቸር ሰንብቱ።