ሁሉም ስትራፖ አይደለም

አንድ ተጫዋች እየሮጠ ሳለ ድንገት የታፋውን ጀርባ ይዞ ሲቆም ከሜዳው ዳር የምንሰማው አንድ ቃል ነው፤ «ስትራፖ ያዘው!»። ወዲያው ጓደኛው እግሩን ይወጥርለታል፣ ወጌሻው ቅባት ቀብቶ ያሸዋል፣ ልጁም እያነከሰ ተመልሶ ይገባል። እኔ በዚህ አሠራር አልስማማም።

ስትራፖ ስንል ሁለት ነገር እየቀላቀልን ነው። አንደኛው የጡንቻ መኮማተር ሲሆን፣ ሲሳብና ሲያርፍ ይለቃል። ሁለተኛው ግን የጡንቻ ክሮች መበጠስ ነው። ከታፋችን ጀርባ ያሉት 3 ጡንቻዎች በፍጥነት ስንሮጥ ወደ ፊት የተወረወረውን እግር እንደ ፍሬን ይይዛሉ። እየተለጠጡ ስለሚሠሩ ብዙ ጊዜ የሚበጠሱት ያኔ ነው። የተበጠሰን ጡንቻ ገና በትኩሱ መሳብና ማሸት ጉዳቱን ያብሳል እንጂ አያድንም።

መለየቱ ቀላል ነው አልልም። ዩሴን ቦልት እ.ኤ.አ. በ2017 በለንደን የመጨረሻ ውድድሩ ላይ ሲወድቅ መጀመሪያ የተነገረው መኮማተር ነው ተብሎ ነበር፤ በኋላ መበጠስ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ከተጠራጠርን እንደ መበጠስ መቁጠር ይሻላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጨዋታውን ማቆም፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ መያዝ፣ በፋሻ ማሰር። በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት ማሸት፣ ሙቅ ነገርና አልኮል ይቅር። «ቋ» የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ከበለዘ ወይም መራመድ ካቃተ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ተኝቶ መክረምም አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት 75 የስዊድን እግር ኳስ ተጫዋቾች በሁለት ተከፍለው ነበር። ጡንቻውን እያስረዘሙ የሚያሠሩ እንቅስቃሴዎችን የሠሩት በአማካይ በ28 ቀን ሲመለሱ፣ በተለመደው መንገድ የሠሩት 51 ቀን ፈጅቶባቸዋል። ደግሞም ሕመም ጠፋ ማለት ዳነ ማለት አይደለም፤ አንዴ የተጎዳ እግር እንደገና ለመጎዳት ቅርብ ነው። በልምምድ ላይ በሙሉ ፍጥነት ያለ ሕመም ያልሮጠ ልጅ ግጥሚያ መግባት የለበትም።

ከሁሉም መከላከል ይበልጣል። ተንበርክኮ፣ ጓደኛ ቁርጭምጭሚትን ይዞ፣ ሰውነትን ቀስ አድርጎ ወደ ፊት ማውረድ ይህን ጉዳት በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል። መሣሪያም ገንዘብም አይጠይቅም። ነገ አሠልጣኝና የስፖርት መምህር የምንሆነው እኛ ነን፤ ይህን እንቅስቃሴ ከዛሬው ልምምዳችን እንጀምረው።